ስንት ቀን ይበቃል? የደም ኢንፌክሽንና በሰውነት ውስጥ ያለ ብረት

ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ በታሪክ መጻሕፍት የሚነሳው በጉባኤው ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሊቃውንቱን ሰብስበው ለዘመናት ሲያከራክር የኖረውን የሃይማኖት ጉዳይ በአዋጅ ዘጉት። ሐኪሞች ቦታውን የሚያውቁት ግን በሌላ ነው። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የከፈቱት ሆስፒታል እዚያ ነው። ዛሬ አጠቃላይ ሆስፒታል ሆኗል፤ ሥጋ ደዌን፣ ቁንጭርንና መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ያክማል። ሦስቱም ሕክምናቸው ረጅም ነው። ወደዚያ የሚሄድ ታማሚ የበሽታውን ስም ከሰማ በኋላ የሚያስከትለው ጥያቄ «ለስንት ጊዜ ነው የምወስደው?» የሚል ነው።

የጥያቄው መልስ ባለፉት 50 ዓመታት ብዙ ተቀያይሯል። ሥጋ ደዌ በዳፕሶን ብቻ በሚታከምበት ዘመን በሽታው በሰውነታቸው የተንሰራፋባቸው ሰዎች ኪኒኑን ዕድሜ ልካቸውን ይውጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አዲስ አበባ በሚገኘው የሥጋ ደዌ ማዕከል፣ በአለርት፣ የተሠሩ ጥናቶች ዳፕሶን የማይበግረው በሽታ ብቅ ማለቱን አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት ሪፋምፒሲን ያለበትን የመድኃኒት ጥምረት ሲመክር ዕድሜ ልክ የነበረው ወደ 2 ዓመት ወረደ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ወደ 12 ወር። «መድኃኒቱ ሲቆም በሽታው ይመለሳል» የሚለውን ስጋት ካበረዱት ማስረጃዎች አንዱ፣ አለርት በሸዋ ገጠሮች ሕክምናቸውን የጨረሱ ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሎ ያወጣው ውጤት ነው፤ በሽታው የተመለሰባቸው በጣም ጥቂት ነበሩ።

መድኃኒት የተላመደ ቲቢም እንዲሁ። 20 ወርና ከዚያ በላይ ይፈጅ የነበረው ሕክምና ወደ 9 ወር ሊያጥር ይችላል ወይ የሚለውን የፈተነው ስትሪም የተባለው ጥናት 424 ሰዎችን ያሳተፈው በኢትዮጵያ፣ በሞንጎሊያ፣ በደቡብ አፍሪካና በቬትናም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ውጤት መሠረት ረጅሙን ሕክምና ከወሰዱት 79.8 በመቶው፣ አጭሩን ከወሰዱት 78.8 በመቶው ጥሩ ውጤት አግኝተዋል። ከዚያ ወዲህ ለብዙዎቹ ታማሚዎች 6 ወር የሚበቃበት ዘመን መጥቷል።

እነዚህን ታሪኮች ያነሳሁት ስለ ሌላ በሽታ ለመናገር ነው። ሕክምና ሲያጥር የሚያጥርበት መንገድ አለው፤ ተህዋሱ ይታወቃል፣ መድኃኒቱ እንደሚገድለው ይረጋገጣል፣ ሰዎቹ ጊዜ ወስዶ ይታያሉ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ቀን መቀነስ ድፍረት ነው። ቀን መጨመርም ቢሆን በግምት መሄድ ነው፤ ጥንቃቄ የሚመስል መሆኑ ብቻ ይለየዋል።

አሁን ወደ ደም እንምጣ። ባክቴሪያ ደም ውስጥ ገብቶ ሲራባ ሰውየውን ያተኩሰዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። በቶሎ ካልታከመ ይገድላል። ሕክምናው ለአሥርት ዓመታት ሲሰጥ የቆየው ለ14 ቀን ነው። ይህ ቁጥር ከየት መጣ ቢባል አጥጋቢ መልስ የሚሰጥ አልነበረም። አሜሪካዊው ሐኪም ብራድ ስፔልበርግ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተመው ጽሑፍ የ7 እና የ14 ቀን ልማድ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ እ.ኤ.አ. በ321 ሳምንትን 7 ቀን አድርጎ ከደነገገው አዋጅ የተወረሰ ነው ሲል ተሳልቆበታል። እኛም ጠበል ስንገባ የምንቆጥረው በሱባኤ ነው፤ አንዱ 7፣ ሁለቱ 14። ሐኪሙ 14 ቀን ሲያዝ ቁጥሩ ለወሎ ሰው እንግዳ የማይሆንበት ምክንያት ምናልባት ይኸው ይሆናል።

ልማዱን በትልቁ የፈተነው ባላንስ የተባለው ጥናት ነው። በካናዳውያኑ ኒክ ዴንማንና ሮብ ፋውለር መሪነት በ7 አገሮች፣ በ74 ሆስፒታሎች 3,608 የደም ኢንፌክሽን ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ ግማሾቹ 7 ቀን፣ ግማሾቹ 14 ቀን ታከሙ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ውጤቱ ሲወጣ በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት ከ7 ቀኖቹ 14.5 በመቶ፣ ከ14 ቀኖቹ 16.1 በመቶ ነበሩ። ማጠሩ ሞትን አልጨመረም። ከዚያ በፊት በእስራኤልና በጣልያን በ604 ሰዎች፣ በስዊዘርላንድ በ504 ሰዎች የተደረጉ ጥናቶችም ወደዚሁ ያመለክቱ ነበር። ከባላንስ ተሳታፊዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጥናቱን የተቀላቀሉት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝተው ነው። ስለዚህ «የቀለለበት ሰው ላይ ነው የሠራው» የሚባልም አይደለም።

ይህ ትልቅ ዜና ነው። በኛ ሆስፒታሎች በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ምክንያት ኢ. ኮላይ ደሙ ውስጥ የተገኘበት፣ በሦስት ቀን ትኩሳቱ የወረደለት ሰው ሌላ ሳምንት አልጋ ይዞ መርፌ የሚወጋበት ምክንያት የለም። ችግሩ ያለው ዜናው ሲተላለፍ የሚጠፋው ግማሽ ላይ ነው። ባላንስ ከበሩ የመለሳቸው ሰዎች ነበሩ፤ ደማቸው ውስጥ ስታፊሎኮከስ ኦውረስ የተገኘባቸው፣ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ወይም ሰው ሠራሽ የደም ቧንቧ ያላቸው፣ መግላቸው ያልወጣ፣ በጠባዩ ረጅም ሕክምና የሚጠይቅ የአጥንትና የልብ ኢንፌክሽን ያለባቸው። «7 ቀን ይበቃል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ስለነዚህ ሰዎች ምንም አይልም።

ባዕድ ነገር ሰውነት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚለወጥ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1957 ኤሌክና ኮኔን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በለንደን በፈቃደኛ ሰዎች ቆዳ ላይ ስታፊሎኮከስ ሞከሩ። ባዶ ቆዳ ላይ መግል ለማስያዝ ሚሊዮኖች ባክቴሪያ ያስፈልግ ነበር፤ የሐር ስፌት ክር ሲኖር ጥቂት መቶዎች በቁ። ባክቴሪያው ብረት፣ ፕላስቲክ ወይም ክር ሲያገኝ ይለጠፍና በላዩ ላይ ልዝብ ሽፋን ያበጃል፤ ምንጭ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ የሚይዘውን የሚያንሸራትት አረንጓዴ ማሰብ ይበቃል። ከሽፋኑ ሥር ያሉት ባክቴሪያዎች ቀስ ብለው ይኖራሉ፣ አይራቡም ማለት ይቻላል። አብዛኞቹ አንቲባዮቲኮች ደግሞ የሚገድሉት የሚራባውን ነው። ደሙ ይጸዳል፣ ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ሰውየው ዳነ ተብሎ ይሸኛል። መድኃኒቱ ሲቆም ከብረቱ ላይ የተረፉት እንደገና ይነሳሉ። በሦስተኛው ወር «አዲስ» ትኩሳት ይዞ የሚመለስ ሰው ብዙ ጊዜ የያዘው አሮጌውን ነው።

ከሁሉም ባክቴሪያዎች በዚህ የሚብሰው ስታፊሎኮከስ ኦውረስ ነው። ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ያለው ሰው ደሙ ውስጥ ይህ ባክቴሪያ ሲገባ ከሦስቱ አንድ ገደማ የሚሆኑት መገጣጠሚያቸውም ይያዛል። ስለዚህ መመሪያዎች የዚህን ባክቴሪያ ሕክምና በ14 ቀን ለመጨረስ ከሚጠይቋቸው ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ በሰውነት ውስጥ ሰው ሠራሽ አካል አለመኖሩ ነው። ሌሎቹም አሉ፤ መድኃኒት በተጀመረ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል በድጋሚ የተወሰደው ደም ንጹሕ መሆን፣ ትኩሳቱ በ72 ሰዓት መውረድ፣ ልብ በአልትራሳውንድ ታይቶ ነጻ መሆን። አንዱ ከጎደለ ከ4 እስከ 6 ሳምንት። የቀኑ ቆጠራ የሚጀምረውም መጀመሪያ መርፌ ከተወጋበት ቀን አይደለም፤ ደሙ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘበት ቀን ነው። ደም ደግሞ በማይመረመርበት ቦታ አንደኛው ቀን የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

በወሎ ብረት የገባለት ሰው ማን ነው? በብዛት አጥንቱ የተሰበረ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሐረጎ ዳገት የሚወጣና የሚወርድ መኪና፣ ባጃጅ፣ ከግንባታ ላይ የወደቀ የቀን ሠራተኛ፤ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ራሱ። ጥይትና ፍንጣሪ የሰበረው እግር ቁስሉ ክፍት ነው፣ አፈር ገብቶበታል፣ ብዙ ጊዜ ሐኪም ዘንድ የደረሰው ዘግይቶ ነው። በዚያው ጊዜ የከተሞቹ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ የደሴ ሆስፒታልም ከነሱ አንዱ ነበር። ከውጭ በኩል በአጥንቱ ላይ የሚታሰረው ፊክሰተር፣ ፕሌትና ዊንጮው፣ በአጥንቱ መቅኔ ውስጥ የሚገባው ረጅም ብረት ሁሉም ባክቴሪያ የሚለጠፍበት ገጽ ናቸው። አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ሉዊስ ዘርክል እ.ኤ.አ. በ1999 የመሠረተው ሳይን የተባለው ድርጅት፣ በቀዶ ሕክምና ወቅት ራጅ ሳያስፈልግ የሚገባ ብረት ለድሃ አገሮች በነጻ በመስጠት ይታወቃል፤ የኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም ይጠቀሙበታል። ብዙ ሰው በዚህ ብረት ቆሞ ሄዷል። የአንዳንዱ ሰው ብረት ግን ይመግላል።

ለዚህ የሚሰጠው መልስ ከአንቲባዮቲክ ቀን በፊት በቀዶ ሐኪሙ እጅ ነው። የሞተው አጥንት መቆረጥ፣ መግሉ መውጣት፣ ቁስሉ መታጠብ አለበት። ብረቱ ካልተነቃነቀና አጥንቱ ገና ካልገጠመ ብረቱ ይቆያል፤ የማይጸና አጥንት ኢንፌክሽኑም አይድንምና። የአጥንት ስብራት ኢንፌክሽን ባለሙያዎች የሚስማሙበት ልክ ብረቱ ከቆየ 12 ሳምንት፣ ከወጣ 6 ሳምንት ነው። ይህ ልክ የስምምነት ልክ እንጂ በዕጣ የተፈተነ አይደለም። የተፈተነ የሚባለው የፈረንሳዩ ዳቲፖ ነው። በሉዊ በርናር የተመራው ይህ ጥናት ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያቸው የተያዘባቸውን 410 ሰዎች 6 ሳምንት ወይም 12 ሳምንት አከመ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ውጤት የ«ባጠረ ቁጥር ይሻላል» ወገኖችን ያስደነገጠ ነበር። ኢንፌክሽኑ ያልለቀቃቸው ከ6 ሳምንቶቹ 18.1 በመቶ፣ ከ12 ሳምንቶቹ 9.4 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ የሰፋው መገጣጠሚያው ሳይወጣ ታጥቦ ብቻ በቀረላቸው ላይ ነው። ዳቲፖ የደም ኢንፌክሽን ጥናት ስላልሆነ ቁጥሩ እንዳለ ወደ ደም አይዛወርም። ብረት ኖሮት ደሙ ለተያዘበት ሰው ብቻ የተሠራ፣ ባላንስን የሚያህል ጥናት እስካልመጣ ድረስ ግን ካሉን ማስረጃዎች ለዚህ ሰው የሚቀርበው እሱ ነው፤ የሚናገረውም አትቸኩሉ ነው።

ሌላው የወሎ ታማሚ የልብ ቫልቭ የተቀየረለት ነው፤ በብዛትም ወጣት። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተከትሎ የሚመጣው የሪህ ትኩሳት ቫልቮቹን ያበላሻል። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የመሠረቱት የኢትዮጵያ ሕፃናት ልብ ሕክምና መርጃ ማኅበር ለዓመታት ልጆችን ወደ ውጭ ሲልክ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከሉን ከፈተ። እዚያ ወይም ውጭ አገር የብረት ቫልቭ ተተክሎላቸው ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰዎች ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ዕድሜ ልካቸውን ይወስዳሉ። ከነዚህ ሰዎች የአንዱ ደም ውስጥ ባክቴሪያ ከገባ በቫልቩ ላይ እንደተለጠፈ ቆጥሮ መነሳት ግድ ነው። ሕክምናው ቢያንስ 6 ሳምንት ነው፤ ባክቴሪያው ስታፊሎኮከስ ከሆነ ክሎክሳሲሊን ወይም ቫንኮማይሲን፣ ከሱ ጋር ሪፋምፒሲን፣ ለመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ጄንታማይሲን። ቫንኮማይሲንና ጄንታማይሲን አብረው ሲሰጡ ኩላሊት ይጎዳሉ፤ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሪያቲኒን በየጥቂት ቀኑ መለካት አለበት። የዚህ ሰው ሕክምና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከልብ ቀዶ ሐኪም ጋር በስልክም ቢሆን መመካከርን ይጠይቃል። 6 ሳምንት ጨርሶ ቫልቩ ልቅ ሆኖ ከተገኘ ብዙ ቀን ጠፍቷል ማለት ነው።

ሪፋምፒሲን እዚህ ላይ ለብቻው ሊወሳ ይገባዋል። የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከማንም በላይ የሚያውቀው መድኃኒት ነው፤ የሥጋ ደዌ ታማሚ በወር አንዴ 600 ሚሊግራም የሚውጠው ቀይ እንክብል፣ የቲቢ ሕክምና ምሰሶ። ብረት ላይ ከተለጠፈ ስታፊሎኮከስ ጋር በደንብ የሚታገለውም እሱ ነው። ዓለም ይህን የሚያምነው በዋናነት ቨርነር ዚመርሊና ባልደረቦቹ በስዊዘርላንድ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት 33 ሰዎች ብቻ ባሉበት ጥናት ነው፤ ከ3 እስከ 6 ወር የሚፈጀውን ሕክምና ከጨረሱት ሪፋምፒሲን የተጨመረላቸው 12ቱም ዳኑ፤ ካልተጨመረላቸው 12 ሰዎች የዳኑት 7 ናቸው። በአንጻሩ አረስት የተባለው የብሪታንያ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳየው በስታፊሎኮከስ የደም ኢንፌክሽን ለተያዙ 758 ሰዎች በጅምላ ሪፋምፒሲን መጨመር አጠቃላይ ጥቅም አላስገኘም። ሁለቱን አንድ ላይ ሳነባቸው የሚታየኝ፣ ሪፋምፒሲን የብረት መድኃኒት እንጂ የደም መድኃኒት አለመሆኑ ነው።

ከጥቅሙ ጋር አደጋውም በኛ አገር ከፈረንጅ አገር ይልቅ ያይላል። ለብቻው ከተሰጠ ወይም ባክቴሪያው ገና በደሙ ውስጥ በብዛት እያለ ከተጀመረ በቀናት ውስጥ ይለመዳል። ያልታወቀ ቲቢ ላለበት ሰው ለአጥንቱ ብሎ ሪፋምፒሲን መስጠት የሳንባውን ቲቢ መድኃኒት እንዲላመድ ማሠልጠን ነው፤ አስቀድሞ አክታ መመርመር አለበት። ከዶሉቴግራቪር ጋር ሲሰጥ የኤችአይቪ መድኃኒቱ መጠን በቀን ሁለት ጊዜ መሆን ይኖርበታል። የእርግዝና መከላከያ ኪኒንና በክንድ የሚቀበር መከላከያ ያዳክማል። ከሁሉም የከፋው ከዋርፋሪን ጋር ያለው ነው። ሪፋምፒሲን ጉበትን አነቃቅቶ ዋርፋሪኑን ቶሎ ያስወግደዋል፤ ደሙ ይረጋና ቫልቩ ላይ ጓል ይይዛል። ሐኪሙ ዋርፋሪኑን ይጨምራል። ሪፋምፒሲኑ ሲቆም ደግሞ ጉበት በሳምንታት ውስጥ ወደ ቀድሞው ሲመለስ የጨመረው ዋርፋሪን ደም ያፈሳል። የደም መርጋት መጠኑን ደጋግሞ መለካት በማይቻልበት ወረዳ ይህን መድኃኒት አዝዞ ሰውን ወደ ቤቱ መሸኘት አይገባም።

የቀሩትን ብረቶችና ፕላስቲኮች በአጭሩ ልለፋቸው። በአንገት ወይም በብሽሽት በትልቅ የደም ሥር የሚገባው ካቴተር ከተቻለ ወዲያው ይወጣል፤ ከወጣ ችግሩ ግማሽ አልቋል፤ እንደ ባክቴሪያው ዓይነት ከ5 እስከ 14 ቀን፣ ኦውረስ ከሆነ ከ14 ቀን በታች አይሆንም። የልብ ምት ማስተካከያው ፔስሜከር ባትሪውም ሽቦውም አብሮ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ወራትም አይበቁም። እጅ ላይ የምትገባው ትንሿ ካኑላም ባዕድ ነገር ናት። ደም ሥር ውስጥ ቀናት ስትቆይ ራሷ ኢንፌክሽን ታስገባለች፤ ሕክምናን «ለጥንቃቄ» ማራዘም የሚያስከፍለው ዋጋ ከዚህ ይጀምራል።

6 ሳምንት በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ከደላንታ ወይም ከወግዲ ለመጣ ገበሬ ግን ክረምት ከሆነ እርሻ ያመልጠዋል፣ አስታማሚ ልጁ ትምህርት ያቆማል፣ ምግቡና ማደሪያው ይቆጠራል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዷ የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች፤ መድኅኑ አልጋውን ይሸፍናል፤ ፋርማሲው ውስጥ የሌለ መድኃኒት ግን ከውጭ የሚገዛው በታማሚው ኪስ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ በሦስተኛው ሳምንት «ተሽሎኛል» ብለው ይሄዳሉ። ማን ይፈርድባቸዋል?

ለዚህ ችግር የሚረዱ ሁለት ጥናቶች ሀብታም አገር ተሠርተው የሚጠቅሙት ግን ይበልጥ እኛን ይመስለኛል። ኦቪቫ በብሪታንያ 1,054 የአጥንትና የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ታማሚዎችን በዕጣ ከፍሎ፣ ገሚሶቹ በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት በመርፌ፣ ገሚሶቹ በኪኒን ታከሙ። ያልተሳካላቸው በመርፌው 14.6 በመቶ፣ በኪኒኑ 13.2 በመቶ ነበሩ። የዴንማርኩ ፖኤት ደግሞ 400 የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ታማሚዎችን፣ ከነሱም ከአራት አንድ ገደማ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያላቸውን፣ ቢያንስ 10 ቀን በመርፌ አክሞ ከተረጋጉ በኋላ ገሚሶቹን በዕጣ ወደ ኪኒን አዛወረ፤ ከመርፌው ያነሰ ውጤት አላገኘም። ረጅም ሕክምና ማለት የግድ ረጅም አልጋ አይደለም። ሁለተኛውን ወር በኪኒን ቤቱ ሆኖ የሚጨርስ ሰው በመርፌ አልጋ ላይ ከሚያቋርጠው ይሻላል። አንድ ነገር ግን አይካድም። የትኛው ኪኒን? ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ኮትሪሞክሳዞል፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ክሊንዳማይሲን ሁሉም ለአንዱ ባክቴሪያ ይሠራሉ፣ ለሌላው አይሠሩም። ባክቴሪያው ሳይታወቅ ወደ ኪኒን መዛወር ጨለማ ውስጥ ድንጋይ መወርወር ነው።

ከዚህ በኋላ የቀረው ነገር ደም ካልቸር፣ ማለትም ደም ወስዶ ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ማብቀል ነው፤ ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝም እሱ ነው። በአገራችን ሆስፒታል ትኩሳት ይዞ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሴፍትሪያክሶን የተባለው አንቲባዮቲክ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ካልቸር ሳይወሰድ። ከዚያም በፊት ጤና ጣቢያ ወይም መድኃኒት ቤት አንድ ሁለት ቀን አንቲባዮቲክ ወስዶ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚወሰደው ደም ብዙ ጊዜ ምንም አያበቅልም። ባክቴሪያው ሳይታወቅ ሐኪሙ ቀኑን ይገምታል፤ ትኩሳቱ ካልወረደ ወደ ቫንኮማይሲንና ሜሮፔነም ይወጣል። ሴፍትሪያክሶን የማይነካቸው እንደ ክሌብሲየላ ያሉ ባክቴሪያዎች በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ተገኝተዋል። ስታፊሎኮከስን በደንብ የሚገድለውም ክሎክሳሲሊን ነው እንጂ ሴፍትሪያክሶን አይደለም። ለተሳሳተ ባክቴሪያ የተሳሳተ መድኃኒት 6 ሳምንት ቢሰጥ 6 ሳምንት አይባልም።

ደሴ ከብዙ የአገራችን ከተሞች በዚህ የተሻለች ናት። የአማራ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ ላቦራቶሪ እዚያ አለ፤ ባክቴሪያ የማብቀልና የመድኃኒት መላመድን የመፈተሽ ልምድ አለው፤ ከከተማዋ የደም ካልቸር ጥናቶችም ታትመዋል። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ማሽን ሳይሆን ልማድ ነው። ለአዋቂ ሰው በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም፣ ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች፣ እጅና ቆዳ በደንብ ተጠርጎ፣ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት። ይህ ሥራ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አብዛኛው ባክቴሪያ በ48 ሰዓት ውስጥ ይበቅላል፤ ያን ያህል ጊዜ ሐኪሙ በግምት ቢያክም ምንም አይደለም።

እንደ እኔ ፍርድ የሀገር አቀፍ መመሪያዎቻችን በሚቀጥለው እትማቸው ሁለት ነገር በግልጽ ቢለዩ ይበቃቸዋል። ብረት የሌለው፣ ስታፊሎኮከስ ኦውረስ ያልተገኘበት፣ ምንጩ ታውቆ የጸዳለት፣ ትኩሳቱ የወረደለት ሰው 7 ቀን። ብረት ወይም ቫልቭ ያለው ሰው ደግሞ ቀን ከመቆጠሩ በፊት ሦስት ጥያቄ ይመለስለት፤ ባክቴሪያው ምንድን ነው፣ ብረቱ ሊወጣ ይችላል ወይ፣ በድጋሚ የተወሰደው ደም ንጹሕ ነው ወይ። ብረቱ ከወጣ 6 ሳምንት ገደማ፣ ከቀረ እስከ 12 ሳምንት፣ የቫልቭ ከሆነ ከ6 ሳምንት በታች የለም። መካከለኛው መንገድ፣ ማለትም ለሁሉም 14 ቀን፣ ለመጀመሪያው ሰው በዝቶ ለሁለተኛው የሚያንስ ነው።

እናንተ እግራችሁ ውስጥ ብረት፣ ልባችሁ ላይ ቫልቭ ወይም ፔስሜከር ያላችሁ፣ ስለ ቀዶ ሕክምናው የተሰጣችሁን ወረቀት አትጣሉት፤ ሕክምና ቤት ስትሄዱ ይዛችሁ ሂዱ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሲላችሁ ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝታችሁ አትጀምሩ። ካርድ ክፍል ስትደርሱ ብረት እንዳለባችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ዋርፋሪን የምትወስዱ ከሆነና ሪፋምፒሲን ከታዘዘላችሁ ደማችሁ በየስንት ቀኑ እንደሚለካ ጠይቁ። ሲስተር መርፌውን ይዛ ስትመጣ ደግሞ በትሕትና «መጀመሪያ ደም ለካልቸር ይወሰድልኝ» በሉ።